የገመዱ ልክ

በሐረርጌ ደጋ ማሽላ ከመሬት በታች ያድራል። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። ከመሞላቱ በፊት እሳት ይነድበትና ውስጡ ይደርቃል፤ ግድግዳው በጭቃና በእበት ይለሰናል፤ ታቹ ገለባና አገዳ ይነጠፍበታል። ከዚያ ማሽላው ይገለበጣል፣ አፉ በድንጋይ ይገጠማል፣ በእበት ይመረጋል፣ አፈር ይለብሳል። በደንብ የተዘጋ ጉድጓድ ክፉ ዓመት ያሻግራል። ሌባ ቦታውን አያውቀውም፤ ነቀዝም ትንፋሽ ያጥረዋል።

ነገር ግን ነቀዝን የሚገድለው አየር ሰውንም ይገድላል። የተዘጋ እህል ይተነፍሳል፤ ሻጋታውም ይተነፍሳል፤ ኦክስጅኑ እያለቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጉድጓዱን ይሞላዋል። ይህ አየር ከሌላው ስለሚከብድ አፉ ቢከፈትም ወዲያው አይወጣም፤ ታች ተኝቶ ይቆያል። በዓይን አይታይ፣ በአፍንጫ አይለይ። ስለዚህ በዚያ አገር ልጅ ሁሉ ገና ሞፈር ሳይጨብጥ የሚማረው ሕግ አለ፤ ማንም ብቻውን አይወርድም። ወገቡን ታስሮ ይወርዳል፤ ሌላ ሰው አፉ ላይ ቆሞ ገመድ ይይዝለታል።

በዚያ አገር አንድ ገበሬ ነበር። አጥር ከሚያዋስነው ጎረቤቱ ጋር አበልጆች ናቸው፤ ጎረቤቱ የገበሬውን የበኩር ልጅ ክርስትና አንስቷል። አንድ ዓመት ዝናቡ ሲያስቸግር ጎረቤቱ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ለቀን ሥራ ወደ ድሬዳዋ ሊወርድ ተነሣ። ከመሄዱ በፊት ስድስት ኩንታል ማሽላ በአህያ እያመላለሰ አመጣ።

«አበልጄ፣ የእኔ ጉድጓድ ግድግዳው ተሰንጥቋል። ይህን ካንተ ዘንድ አኑርልኝ። እኛ እዚያ ሠርተን እንበላለን፤ ይህ ስንመለስ እስከ መከር የሚያደርሰን ነው።»

«ምን ገዶኝ፤ ካንተ ቤት ተቀመጠ ከእኔ ምን ለየው» አለ ገበሬው። ያን ጊዜ ከልቡ ነበር። ከቤቱ ጓሮ፣ ከቁልቋሉ አጥር ሥር አዲስ ጉድጓድ ቆፍሮ አደራውን ለብቻው ቀበረው።

በሚቀጥለው ዓመት ጎረቤቱ ተመለሰ። ገበሬው ደጁ ላይ ቆሞ ሲቀበለው፣ ሰላምታው ገና ሳያልቅ አፉ ያልተዘጋጀበትን ተናገረ። «አበልጄ፣ ምን ብዬ ልንገርህ። ውሃ ገባበት። በሰበሰ። አውጥቼ ደፋሁት።»

ከዚያች ደቂቃ በፊት ልስረቅ ብሎ አልቆረጠም ነበር። በልቡ የነበረው ገበያው ነው። የማሽላ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበርና፣ ይህ ሰው ትንሽ ቢዘገይ ምን አለ ሲል ሰንብቷል። ቃሉ ግን አንዴ ወጣ። ጎረቤቱ ጥቂት ዝም ብሎ «እንግዲህ እግዚአብሔር ያለው ነው» አለና ሄደ። ሽማግሌ አልሰበሰበም፣ ዳኛ አልጠራም። ከሁለት በሬዎቹ አንዱን ሸጦ እህል ገዛ፤ ከዚያ ወዲህ የሚያርሰው ከሰው ጋር ተቀናጅቶ ሆነ።

ገበሬው በሳምንቱ ሊመልስለት አሰበ። ከሌላ ቦታ ገዝቼልህ ነው ብሎ ሊሰጠው። ሳምንቱ አለፈ። ሊሸጠው ፈራ፤ ስድስት ኩንታል ከየት አመጣህ የሚል አይጠፋም። ሊበላው አፈረ። ሊመልሰው ደግሞ ከእህሉ በፊት ውሸቱን ማውጣት ነበረበት። በመጨረሻ ጉድጓዱ ላይ የአገዳ ክምር ከመረበትና ተወው።

ያን ጊዜ መልካም ሰው ሆነ። ይህን ስናገር አላሾፍም፤ በእውነት መልካም ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል፤ ለድኻ ይሰጣል፤ ጎረቤቱ ደቦ ሲጠራ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ በሬውን ያውሰዋል። ጎረቤቱ ሲያመሰግነው ምስጋናው ይፈጀዋል። ሁሉን አደረገለት፤ አንዱን ብቻ አላደረገለትም። ማታ ማታ ተንበርክኮ «ጌታዬ፣ አንተ ታውቃለህ» ይል ነበር። ይህች ጸሎት እውነት ነበረች፤ እግዚአብሔር ያውቅ ነበርና። በየሌሊቱ ሊላት ይችላል፤ ብሏትም ያድራል፤ ጠዋት ሲነሣ ግን ክምሩ እዚያው ነው።

በሦስተኛው ዓመት በልጉም ክረምቱም ከዳ። የገበሬው ጉድጓዶች አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ። ልጆቹ በቀን አንዴ መብላት ጀመሩ። ያኔ የቁልቋሉን ሥር አሰበ። በሌሊት ወጥቶ ክምሩን ገፋ፣ አፈሩን ቆፈረ፣ ድንጋዩን አነሣ። የታመቀ ሙቀት ፊቱን መታው። ፋኖሱን በገመድ አስሮ ቀስ እያለ አወረደው፤ ክንድ ያህል እንኳ ሳይወርድ ጠፋ። አውጥቶ ለኮሰውና መልሶ አወረደው፤ ጠፋ።

ልጅ ሳለ ከአንድ ጉድጓድ ሁለት ወንድማማቾች ሲወጡ አይቷል። አንደኛው ብቻውን ወረደ፤ ሁለተኛው ሊያወጣው ተከትሎት ገባ። ጎን ለጎን አስተኝተዋቸው ነበር፤ ሰውነታቸው ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም።

ስለዚህ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠ። ገመድ የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል። ሚስቱን ቢጠራት ታውቃለች። ልጁን ቢጠራው፣ ጎረቤቱ ክርስትና ያነሣው ልጅ ነው። ከእንቅልፉ የነቃ ቢኖር በአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤቱ ነበር፤ ሲያስል ይሰማዋል። ሊነጋ ሲል ድንጋዩን መለሰ፤ ክምሩንም መለሰ። በማግስቱ ሌሊትም ወጣ፤ እንዲሁ ተቀምጦ አነጋ። እህሉ ሦስት ቁመት ከሥሩ ነው፤ ልጆቹ በቤት ተርበው ተኝተዋል፤ እሱ መሃል ላይ ነው።

በመንደሩ ዳር ሥራው ያረጁ ጉድጓዶችን ማስከፈት የሆነ ሽማግሌ ይኖር ነበር። ሰው ሁሉ ስለ እሱ ሁለት ነገር ያውቃል። የያዘው ገመድ በሰው ላይ ተለቆ አያውቅም፤ የማን ጉድጓድ ምን እንደያዘም ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ወንድም ስለ ወንድሙ ቢጠይቀው፣ ሚስት ስለ ባሏ ብትጠይቀው፣ የቀበሌ ሹም መጥቶ ቢያስፈራራው መልሱ አንድ ነው፤ «እኔ የማውቀው ገመዴን ነው»።

ገበሬው በሦስተኛው ሌሊት በሩን አንኳኳ።

«አባባ፣ የሚከፈት ጉድጓድ አለኝ።»

«ግባ። ስንት ዓመት ተዘጋ?»

«ብዙም አይደለም።»

ሽማግሌው ዝም ብሎ ጠበቀ።

«አራት ዓመት ነው።»

«ጥልቀቱስ?»

«ያው እንደ ሰው ጉድጓድ ነው።»

«እንደ ሰው የሚባል ጉድጓድ አላየሁም፤ ልጄ። የገመዱ ልክ የሚወጣው ካንተ አፍ ነው። ሁለት ቁመት ትለኝና ሦስት ከሆነ፣ ገመዱ ሲያልቅ አንተ ገና መሃል ላይ ተንጠልጥለሃል። እኔ በጥልቀቱ አልፈርድብህም፤ ከዚህ የጠለቀ ብዙ አይቻለሁ። ገመዱ ግን ያጥርብሃል።»

«ሦስት ቁመት ነው።»

«እህሉ የማን ነው?»

ገበሬው መሬት መሬት አየ። «ይሄ ለገመዱ ምን ይረባዋል፤ አባባ?»

«ለገመዱ ምንም። ላንተ ነው። የገዛ እህሉን የሚያወጣ ሰው ረጋ ብሎ ይሠራል። የሰው እህል የሚያወጣ ይቸኩላል። ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ የሚሞተው የቸኮለ ነው።»

«የአበልጄ ነው።»

ሦስት ዓመት ሙሉ በየሌሊቱ ሲያስበው ኖሮ በሰው ጆሮ ሲወድቅ መስማቱ የመጀመሪያው ነበር። ጣሪያው የሚፈርስ መስሎት ነበር። ሽማግሌው ግን ዓይኑን እንኳ አላሰፋም፤ ተነሥቶ ከግድግዳው ላይ ገመዱን አወረደና በክንዱ እየለካ ሦስት ቁመት ቆጠረ፤ ለማሰሪያና ለመያዣ ጨመረበት።

«አባባ፣ እኔ አቅም አንሶኛል። እርስዎ ይውረዱልኝ፤ የድካምዎን እከፍላለሁ።»

«የእኔ ቦታ አፉ ላይ ነው። መውረዱ ያንተ ነው።»

«እርስዎ ታዲያ በራስዎ ጉድጓድ ሲወርዱ ማን ይይዝልዎታል?»

«ከወንዝ ማዶ ያለው ባልንጀራዬ። ገመድ ያዥ ስለሆንኩ እዚያ ያለው አየር ይምረኛል መሰለህ?»

በዚያ ሌሊት አፉን ብቻ ከፈቱት። ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ በገመድ እያወረዱ እያወጡ አናፈሱት፤ ቀኑን ሙሉ አገዳው እንደ ነገሩ ከልሎት ሲተነፍስ ዋለ። በማግስቱ ሌሊት ፋኖሱ ታች ደርሶ ሳይጠፋ ቆየ። ሽማግሌው ገመዱን በገበሬው ብብት ሥር አሰረ፤ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ሳበው።

መሃል ላይ ሲደርስ ፍርሃት ያዘው። ላዩ ትንሽ ክብ ሰማይ ናት፤ ታቹ አይታይም።

«አለህ?» አለ ሽማግሌው።

«አለሁ።»

ጥቂት ወረደ። «አለህ?» «አለሁ።» እስኪደርስ ድረስ በየክንዱ እንዲሁ ነበር። ሽማግሌው ሌላ ነገር አልተናገረም፤ አይዞህም አላለውም፤ ምክርም አልሰጠውም። በጨለማው ውስጥ ያ ድምፅ በቂ ነበር።

እግሩ እህሉን ነካ። ሲጨብጠው ጠቁሯል፣ ተጋግሯል፣ ይሸታል። በግድግዳው ዙሪያ ዳሰሰ፤ ያው ነው። እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «አባባ፣ ሁሉም በስብሷል! ሳልሰርቀውም ሰርቄው ነው የቀረሁት፤ ለእሱም አልሆነ፣ ለእኔም አልሆነ! ይሳቡኝ!»

«የያዝከው ግድግዳውን ነው» አለ ሽማግሌው። «ጉድጓድ ከላይና ከዳር ይበሰብሳል። መሃሉን ቆፍር።»

የበሰበሰውን በእጁ እየገፋ ወደ መሃል ቆፈረ። ክንዱ እስከ ብብቱ ገባ። ከዚያ ጣቶቹ መካከል ደረቅ፣ ተንሸራታች፣ ሙቅ ፍሬ ተሰማው። ጨብጦ ወደ ፋኖሱ አቀረበው፤ ቀይ ማሽላ ነው፤ የተቀበረ ዕለት የነበረው ቀለም አልለቀቀም። ገበሬው እዚያው ታች ተቀምጦ አለቀሰ። ከላይ ያለው ሰው አልጠራውም፤ ገመዱን አላላም፣ አልሳበም፤ ዝም ብሎ ያዘ።

ሊነጋ ሲል አራት ኩንታል ወጣ። ገበሬው ላብና ሻጋታ ለብሶ አፈሩ ላይ ተዘረጋ። «ይህን ብዘራው እጥፍ አድርጌ ልመልስለት እችላለሁ» አለ።

«የቆየ የጉድጓድ እህል ይበላል እንጂ አይበቅልም። ዛሬ ነው የሚመለሰው። ደግሞም የወሰድከው ስድስት ነው፤ የቀሩትን ሁለቱን ሠርተህ ትሞላለህ።»

«ልጆቼስ?»

«ልጆችህን ይዘህ ሂድና ለማኝ ሁን። ከሌብነት ይሻልሃል።»

«የእርስዎስ ዋጋ?»

«ለገመድ አይከፈልም።» ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣለና ሄደ። ያን ጠዋት ጠጅ ቤት ያየው ሁሉ ሌሊቱን የት እንዳደረ ጠየቀው፤ መልሱን አስቀድመን አውቀነዋል።

ገበሬው አህያውን ጭኖ በአጥሩ ዞሮ ገባ። ጎረቤቱ ደጅ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰማ። ከዚያ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «በሬዬስ?»

ገበሬው ለዚህ መልስ አልነበረውም። በሬው ተሽጦ ታርዶ አልቋል። «እሱን ልመልስልህ አልችልም። የእኔን በሬ እስክትገዛ ድረስ እረስበት፤ እኔ በተረፈው ቀን አርሳለሁ» አለ።

ጎረቤቱ እህሉን አስወርዶ ወደ ቤት ገባ፤ ግባም አላለው። ማታ የጎረቤቱ ሚስት አንድ ቁና ማሽላ በልጇ ራስ ላይ አድርጋ ለገበሬው ልጆች ላከች። ባልየው ግን «አበልጄ» ብሎ የጠራው መከር ካለፈ በኋላ ነው። ገበሬው ይህን ሁሉ ወር ሲጠብቅ ኖረ፤ የሚደንቀው ግን፣ ገና ከጉድጓዱ በወጣባት ሌሊት፣ ጎረቤቱ ይማረው አይማረው ሳያውቅ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ምሳሌው ይህ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ምስጢረ ንስሐ የምትለውን በዚህ መንገድ የነገርኩት፣ ስለ ኑዛዜ ከሚጠየቀው ሁሉ አንዱ ጥያቄ ከልቤ ስለማይወጣ ነው። እግዚአብሔር የሚያውቀውን ለሰው መንገር ለምን ያስፈልጋል? ጥያቄው የተናቀ አይደለም፤ ብዙ ጥሩ ሰዎች በቅንነት ይጠይቁታል። ገበሬው ግን «አንተ ታውቃለህ» ሲል ሦስት ዓመት ኖሯል። የጎደለው የእግዚአብሔር እውቀት አልነበረም፤ የጎደለው ለእሱ በስሙ የሚመለስ ድምፅ ነው። ሰው በልቡ ውስጥ ከሳሽም ተከሳሽም ዳኛም ሲሆን፣ አንድ ቀን ራሱን በነጻ ይለቃል፣ በማግስቱ መልሶ ያስረዋል፤ በሁለቱም ቀን አያምነውም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ከሞት የተነሣው ጌታ በደቀ መዛሙርቱ ላይ እፍ ብሎ ኃጢአትን ይቅር የማለትን ሥልጣን ሲሰጣቸው፣ ይቅርታው በሰው ጆሮ የሚሰማ ድምፅ እንዲኖረው ፈቀደ። እኛ አገር «አባቴ ይፍቱኝ» ብሎ «እግዚአብሔር ይፍታ» መባልን የለመደ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። የሚፈታው እግዚአብሔር ነው፤ ቃሉ የሚሰማው ግን ከካህኑ አፍ ነው።

የሽማግሌው ዝምታ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1215 የተሰበሰበው አራተኛው የላተራን ጉባኤ ምእመን ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንዴ እንዲናዘዝ ሲያዝ፣ በዚያው አንቀጽ የሰማውን የገለጠ ካህን ከክህነቱ ተሽሮ ዕድሜ ልኩን በገዳም ንስሐ እንዲገባ ወሰነ። ዛሬም በቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ የኑዛዜን ማኅተም በቀጥታ የጣሰ ካህን በዚያው ድርጊቱ ከቤተ ክርስቲያን አንድነት ይለያል፤ ውግዘቱን ማንሣት የሚችለው የሮም መንበር ነው። ተናዛዡ ቢሞት እንኳ ካህኑ ነጻ አይወጣም።

ጥልቀቱን መጠየቁም እንዲሁ። የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1551 ከባድ ኃጢአቶች በዓይነትና በቁጥር እንዲነገሩ ሲያስተምር፣ ብዙዎች ጭካኔ አድርገው ያዩታል። እኔ ምሕረት አድርጌ አየዋለሁ። ግማሹን የደበቀ ሰው ይቅርታውን ሲሰማ በልቡ «ሁሉን ቢያውቅ ኖሮ እንዲህ አይለኝም» ይላል፤ የተሰጠውንም አይቀበለውም። ተረስቶ የቀረ ኃጢአት ከተነገረው ጋር ይሰረያል፤ ሆን ተብሎ የተደበቀው ግን ገመዱን ያሳጥራል።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን መሃሉን ቆፍር የሚለውን ነው። ተስፋ መቁረጥ ሁልጊዜ ግድግዳውን ዳስሶ ሁሉም በስብሷል ይላል፤ ብቻውን የወረደ ሰው ይህን የሚያርምለት የለም። ይህን ሥራ ዕድሜውን ሙሉ የሠራ አንድ ሰው አለ፤ ቅዱስ ሊዮፖልድ ማንዲች። እ.ኤ.አ. በ1866 በአድሪያቲክ ባሕር ዳር የተወለደ የካፑቺን ማኅበር መነኩሴ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሚስዮናዊው ጉልዬልሞ ማሳያ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እስከ ዛሬ በሐረርጌ የሚታወቁት ካፑቺኖች ወንድም ማለት ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ከ35 ሴንቲሜትር ነበር፤ አንደበቱም ይይዘው ስለነበር መስበክ አልቻለም። ምኞቱ ወደ ምሥራቅ ሄዶ ለአብያተ ክርስቲያናት አንድነት መሥራት ነበር፤ አልተፈቀደለትም። በጣሊያን አገር ፓዶቫ ከተማ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ በየቀኑ ለረጅም ሰዓታት ኑዛዜ ሲሰማ ኖረ። ምሕረት አበዛህ የሚሉት ነበሩ፤ እሱ ወደ መስቀሉ ያመለክት ነበር። ለተናዛዦች ቀላል ንስሐ እየሰጠ የቀረውን ራሱ በሌሊት ጸሎት ይሸከመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ዐረፈ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ቦምብ ገዳሙንና ቤተ ክርስቲያኑን ሲያፈርስ የኑዛዜ ክፍሉ ሳትነካ ቀረች። እ.ኤ.አ. በ1983 ቅድስናው ታወጀ።

ገመድ ያዡም ይወርዳል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 2014 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ የሰው ኑዛዜ ሊሰሙ ሲጠበቁ፣ አስቀድመው በሰው ሁሉ ፊት በአንድ ካህን እግር ሥር ተንበርክከው ራሳቸው ተናዘዙ። ሊቀ ጳጳሱም፣ ጳጳሱም፣ የገጠሩ ቁምስና ካህንም በዚህ እኩል ናቸው።

«ይናዘዛል፤ ተመልሶ ይሠራል» የሚል ነቀፋ አለ። ነቀፋው እውነት የሚሆንበት ሰው አይጠፋም። ትምህርቱ ግን ከነቀፋው ይከብዳል። ይቅርታ ዕዳን አይሰርዝም፤ የሰረቀ ይመልሳል፣ ስም ያጠፋ ስሙን ያድሳል፣ ይህን ሊያደርግ ያልፈለገ ሰው መጸጸቱ ራሱ አጠራጣሪ ነው። ስድስቱ ኩንታል አራት አይሆንም። የማይመለስም ነገር አለ፤ በሬው አልተመለሰም፤ የጎረቤቱም ልብ የራሱ ጊዜ ነበረው። ኑዛዜ የሌላውን ሰው ይቅርታ በግድ አያመጣም። የሚሰጠው፣ ያ ይቅርታ እስኪመጣ ድረስ ሳይሸሹ መጠበቂያ ጉልበት ነው። ይህ ደግሞ ቀላል ስጦታ አይደለም።

ብዙ ዓመት ያልተናዘዘ ሰው ጸሎቱን ረሳሁት፣ ሥርዓቱ ጠፋኝ ብሎ አይቅር። «አባ፣ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ከየት እንደምጀምር አላውቅም» ማለት ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ መጠየቅ የካህኑ ድርሻ ነው፤ ሲጠይቅም በጥበብና የሰውየውን ዕድሜና ሁኔታ አይቶ እንዲሆን ሕጉ ያዘዋል፤ አብሮ የበደለውን ሰው ስም እንዳይጠይቅም ይከለክለዋል። ስለዚህ ወደዚያ የሚገባ ሰው ይዞ የሚቀርበው የራሱን ብቻ ነው።